የውሻ ክትባትና እንክብካቤ በደሴ፦ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሲመዘን

በደሴም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ከመንጋ ጋር ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ ይጮኻል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ሐኪም የምናስብለት ከታመመ ወይም ሰው ከነከሰ በኋላ ነው። በከተማዋ የውሻ ክትባት፣ የውስጥ ጥገኛ ትላትል መድኃኒትና የማኮላሸት አገልግሎት የሚሰጥ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክን በዝርዝር ለመገምገም የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን ያልጠቀስሁት ጥሩውንም ጉድለቱንም በግልጽ ለመጻፍ፣ እንዲሁም በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ ወይም በወልዲያ የሚኖር አንባቢ በአቅራቢያው ያለውን ክሊኒክ በዚሁ መመዘኛ እንዲያየው ነው።

የውሻ ክትባት አገልግሎት ሲመዘን ከመርፌው በፊት መታየት ያለበት ማቀዝቀዣው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል፣ በረዶ ሲሠራም ይበላሻል፤ የከፋው ደግሞ የሞቀው ክትባት ብዙውን ጊዜ በዓይን ሲታይ ከደህናው አለመለየቱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በዚህ ክሊኒክ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቴርሞሜትር ተቀምጧል፤ ጠዋትና ማታ የተነበበው ቁጥር በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይሞላል፤ መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ወደ በረዶ ሣጥን ሲዛወር ሰዓቱ እዚያው ላይ ይጻፋል። ሐኪሙ ጠርሙሱን ካወጣ በኋላ መለያ ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ለባለቤቱ አሳይቶ በክትባት ካርዱ ላይ ይገለብጠዋል። አንዱ ጠርሙስ ለአሥር ውሾች የሚበቃ በመሆኑና ከተከፈተ በኋላ ለነገ ስለማይቀመጥ፣ ክሊኒኩ ደንበኞቹን ሰብሰብ አድርጎ በአንድ ቀን ይቀጥራል። ቀጠሮ መጠበቅ የሚያሰለቸው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን የተከፈተ ጠርሙስ አሳድሮ በማንኛውም ሰዓት ከሚወጋ ቦታ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ሆነ እንስሳን አይምርም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ ደግሞ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ስለዚህ ሰውን ለማዳን የሚያዋጣው መንገድ ውሻውን መከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ክትባቱ ሙሉ መከላከያ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱ የሚቀጥለውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መያዙ፣ ቀኑ ሲቃረብም ክሊኒኩ ስልክ መደወሉ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ብዙ ውሻ አንድ ጊዜ ተከትቦ የሚቀረው አስታዋሽ በማጣት ስለሆነ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

ክሊኒኩን ከሌሎች የለየልኝ ግን ለባለቤቱ የሚሰጠው ምክር ነው። ከኩታበር በኩል በግ ጠባቂ ውሻቸውን በገመድ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ውሻው ትናንት የጎረቤት ልጅ መንከሱን ሲናገሩ፣ ሐኪሙ መርፌውን አስቀምጦ «አባባ፣ ልጁ አሁን የት ነው ያለው? ቁስሉስ ታጥቦለታል?» ሲል ጠየቃቸው። አዛውንቱ ልጁ ጸበል መወሰዱን፣ ውሻውንም የልጁ አባት ሊገድለው እንደሚፈልግ ነገሩት። ሐኪሙ ጸበሉን አልነቀፈም፤ ነገር ግን ንክሻ ያገኘው ሁሉ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ ልጁም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰው ክትባት መጀመር እንደሚገባው አስረዳቸው፤ በእሳቸው ስልክም የልጁን አባት አነጋገረ። ውሻው እንዳይገደል፣ ይልቁንም ለ10 ቀን ለብቻው ታስሮ ውኃና ምግብ እየተሰጠው እንዲጠበቅ መከራቸው። በንክሻው ጊዜ ምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ቢሆን ኖሮ ውሻው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ከሞተም ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ በዱላ ወይም በጥይት መፈራረስ የለበትም። የውሻውን ክትባት ራሱን ያን ዕለት አልሰጠም፤ ከ10ኛው ቀን በኋላ እንዲያመጡት ቀጠራቸው። መርፌውን ወግቶ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበርና፣ ይህ ታማኝነት የሚመሰገን ነው።

የትላትል መድኃኒት አሰጣጡም እንዲሁ ጥሩ ነው። ውሻው ወለል ላይ ባለው ሚዛን ይመዘናል፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል እንክብል በክብደቱ ይሰላል። በእኛ አካባቢ ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ በየግቢው ሲታረድ የበሽታ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱ እንዳለ ለውሻ ይጣላል። ውኃ የቋጠረውን ከረጢት የበላ ውሻ በአንጀቱ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ለቀዶ ሕክምና የሚዳርግ ከረጢት ይፈጥራል። ደገኛው በግ አርቢ «አዙሪት» የሚለው፣ በጉን በአንድ ቦታ እያሽከረከረ የሚገድለው በሽታም የሚመጣው የታመመ በግ አንጎል ከበላ ውሻ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ የበግ ባለቤቶች ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ መንጋቸው ሰምተው ነው መድኃኒቱን የሚገዙት፤ እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፤ ውሻው እስከዳነ ድረስ።

ስለ አያያዝ ያየሁትን ልጨምር። ሐኪሙ ለመከተብ በያዘው አንድ የግቢ ውሻ አንገት ላይ ጸጉሩን ገለጥ ሲያደርግ፣ ቡችላ ሳለ የታሰረበት ሽቦ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ቀይ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ሽቦውን በጥንቃቄ ቆርጦ ቁስሉን አጠበ፤ ከዚያም ለባለቤቱ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ አሳይቶ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት እንዳለበት በራሱ በባለቤቱ ጣት አስለካው። ሰንሰለቱ ውሻው ጥላ፣ ውኃና መጸዳጃ ወደሚያገኝበት እንዲደርስ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ባለው የደሴ ብርድ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ መተኛ እንዲሠራለት ነገረው። «ጆሮው ቢቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል» ብለው ቡችላ ይዘው የሚመጡትንም ክሊኒኩ አይቀበልም፤ ጆሮ መቁረጥ ሕመምና ቁስል እንጂ ጀግንነት አይጨምርም። በመግቢያው ላይ ሳሙና ያለው የውኃ ቧንቧ መኖሩንም ወድጄዋለሁ፤ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ወይም እጃቸውን የነካ ሙስሊም ደንበኞች ለሶላት ሳይቸገሩ ታጥበው ይወጣሉ፤ ለንጽሕናውም ቢሆን ለሁላችን ይጠቅማል።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ዋናው ክሊኒኩ የሚያኮላሸው ወንዶችን ብቻ መሆኑ ነው። የወንዱ ማኮላሸት በደንብ ይሠራል፤ ውሻው ማደንዘዣ ይሰጠዋል፣ በማግሥቱ ቁስሉ ይታያል፣ ባለቤቱም የተኮላሸ ውሻ ጠባቂነቱን እንደማያጣ ይነገረዋል። ሴቷን ውሻ ማምከን ግን ሆድ ከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ክሊኒኩ መሣሪያም ረዳትም የለኝም ብሎ ይመልሳል። ችግሩ ያለው ደግሞ ከሴቷ ዘንድ ነው። ብዙ ሰው ወንድ ቡችላ መርጦ ይወስዳል፤ ሴቶቹ በጆንያ ተቋጥረው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጣላሉ፤ ከሞት የተረፉት ከልኳንዳና ከቄራ አጥንት እየለቀሙ ያድጋሉ፣ ያለ ክትባትም ይራባሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መፍትሔ መርዝ ይሆናል። መርዝ ውሻውን በሥቃይ ይገድላል፤ በሽታውን ግን አያጠፋም፤ የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞትና ቦታው ባልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይሞላል። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ባለበት፣ በኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለበት አካባቢ ሴት ውሻ የምትመክንበት ቦታ ለማግኘት መቸገር አይገባም ነበር፤ ክሊኒኩ ከባለሙያዎች ጋር ተስማምቶ በወር አንድ ቀን እንኳ ቢጀምረው ከክትባቱ የማይተናነስ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት አገልግሎቱ ከከተማ አለመውጣቱ ነው። በደላንታ፣ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ደጋዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ አዋቂዎቹ በጠቅላላው ከ500 የማይበልጡ እንስሳ ነው። ከሚያጠፉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ከእረኛ ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ደጋግሞ መንጋ ሙሉ ቀበሮ ጨርሷል። የደላንታ እረኛ ውሻውን ይዞ ደሴ ድረስ አይመጣም። የክትባት ሣጥን ይዞ በገበያ ቀን መውጣት ለአንድ የግል ክሊኒክ ወጪው ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ከወረዳ የእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተቀናጅቶ መሞከር ግን ይቻላል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። የመጠበቂያው ግቢ ጠባብ ስለሆነ ውሾች፣ በጎችና አህዮች ተቀላቅለው ይቆማሉ፤ የውሻ አፍ ማፈኛ ለሽያጭ የለም፤ እሑድ ዝግ ነው። ዋጋው ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር መካከለኛ ነው፤ ከአንድ በላይ ውሻ ለሚያመጣ ቅናሽ ያደርጋሉ።

በእኔ ምዘና ለክትባት፣ ለትላትል መድኃኒትና ለወንድ ውሻ ማኮላሸት ክሊኒኩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለሴት ውሻ ግን ሌላ ቦታ መጠየቅ የግድ ነው። የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ደውሎ የክትባቱን ቀን ይጠይቅ፤ ጠዋት በጊዜ ይድረስ፤ ውሻውን በጠንካራ ማሰሪያ ይያዝ፤ ካለው የቀድሞውን ካርድ ይዞ ይሂድ፤ ሰው የነከሰ ውሻ ከሆነ ደግሞ ግቢ ከመግባቱ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው የመስቀል ማግሥት መስከረም 18 አካባቢ ስለሆነ፣ ዓመታዊውን ክትባት በዚያ ሰሞን ማድረግ ቀኑን ለማስታወስም ይረዳል።