የአባቴን ሁለት ወንበሮች ላዳኑልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ቤቱ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ያለው ሰውም ወደ ማን መሄድ እንዳለበት እንዲያውቅ።

ከአባቴ የወረስኳቸው ሁለት ወንበሮች አሉኝ። መደገፊያውና የኋላ እግሮቹ አንድ ወጥ ጎባጣ እንጨት ናቸው፤ መቀመጫው ራታን በሚባል ሸንበቆ መሰል ተክል ልጥ የተሸመነ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አናጺ የላላውን እግር በምስማር መትቶ፣ ላዩን በወፍራም ቫርኒሽ ለብጦ ሰጠኝ። ምስማሩ እንጨቱን ሰነጠቀው። ልጥላቸው ስል ነው አሮጌ የእንጨት ዕቃ የሚጠግኑትን ባለሙያ፣ ጋሼን፣ ያገኘሁት።

ጋሼ መጀመሪያ መሣሪያ አላነሱም። ወንበሩን ገለበጡና የእንጨቱን ጅማት በጣታቸው እየተከተሉ፣ «እዪ ልጄ፣ ጅማቱ አብሮ ይዞራል» አሉኝ። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 15ኛ ዘመን የነበረው ጠማማ የወንበር እግር ከወፍራም እንጨት ተጠርቦ የሚወጣ ስለሆነ ጅማቱ ጥምዙ ላይ ይቋረጣል። የእኔዎቹ ግን በእንፋሎት ለዝበው የታጠፉ ናቸው። ይህን ዘዴ ለፋብሪካ ያበቃው የቤት ዕቃ ሠሪው ሚካኤል ቶኔት ነው፤ እንጨቱ ሲታጠፍ እንዳይቀደድ በውጪው በኩል የብረት ጠፍር ያስርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 ወንበር 6 የእንጨት ክፍል፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው ያለው። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባል። እኔ ቅርጻ ቅርጽ ከበዛበት የቤተ መንግሥት ዕቃ ሁሉ ይህንን እመርጣለሁ።

«የአባትሽ ወንበር ቶኔት ነው» ቢሉኝ ደስ ብሎኝ በሄድኩ። ግን ከመቀመጫው ሥር ማኅተምም የወረቀት ምልክትም አላገኙም። የቶኔት የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1869 ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያንኑ ሠርተዋልና፣ «ቅርጹ ብቻ አይመሰክርም» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው።

ከዚያ በማይታይ ቦታ አልኮል የነካ ጥጥ አሳረፉ። አዲሱ ቫርኒሽ ንቅንቅ አላለም፤ ጠርዙ ተላጦ ከሥር የታየው አሮጌ ቅብ ግን ለስልሶ ጥጡን አቀለመው። ሼላክ ነበር፤ ከትንንሽ ነፍሳት የሚገኘው ሙጫ። ሻካራ ወረቀት ሳያስነኩ የላዩን ብቻ ቀስ እያሉ አነሱት። ምስማሩን ነቅለው ስንጥቁን ከቆዳ በሚፈላ ሙጫ ያዙት፤ ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢፈታው እንጨቱ አይጎዳም። መቀመጫውን ልጡን ውኃ ውስጥ እየነከሩ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አዲስ ሸመኑት።

የመደገፊያው አናት፣ አባቴ ሲነሳ የሚይዘው ቦታ፣ ቅቡ ሳስቷል። ይቀባ ወይ ስላቸው፣ «ይህንን ተይው» አሉኝ። ተውኩት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ለጥድፊያ ሥራ ግን አይሆኑም። የእኔን መቀመጫዎች ብቻ ለመሸመን ቀናት ወስዶባቸዋል።