ጓሮአችሁ ውስጥ ስሙን የማታውቁት ዛፍ ካለ እኚህን ሰው ጥሩ

ባህር ዳር ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ናት።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ጡረታ በወጣ ሰሞን በራችን ላይ አንድ ችግኝ ተከለ። ዛሬ ከጣሪያው በላይ ሆኗል። ቅጠሉ ቀጭን፣ አበባው ጡሩንባ የመሰለ ቢጫ። «የአባባ አበባ» እንለዋለን እንጂ ሌላ ስም አናውቅለትም ነበር።

ለፋሲካ እናቴ ከዳንግላ በግ ይዛ መጣች። በዚያው ሰሞን ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ስለነካ ቆራጭ ጠራሁ። ቆረጠ፣ ብሩን ተቀበለ፣ ቅርንጫፉን እዚያው በትኖት ሄደ። በጉ ከቅጠሉ ሲበላ አመሸ። ሲነጋ ሞቶ አገኘነው። ብደውልለት «በሽተኛ በግ ገዝታችሁ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። አንዷ ችግኝ ሻጭ ደግሞ ፎቶውን አይታ «ኒም ነው፣ ቅጠሉን አፍልታችሁ ጠጡት» አለችኝ። እግዜር ነው ያተረፈን! ሌላው ዛፉን ሳያይ በስልክ ዋጋ ቆረጠ፤ ከነሥሩ ሊነቅለው፣ ግንዱንም ለራሱ ሊወስድ።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ጋሼን ጠቆመችኝ። ከዓባይ ማዶ ትንሽ ችግኝ ማፍያ አላቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ መጡ። ቅጠል ቀነጠሱ፤ ነጭ ወተት ጠብ አለ። «ጠርጥሬዋለሁ ልጄ፣ ግን ሳላረጋግጥ አልነግርሽም» አሉና ቅጠሉንና ፍሬውን በፌስታል ጠቅልለው ሄዱ። ዘንዘልማ፣ እርሻ ኮሌጁ ላለ ለሚያውቁት ሰው አሳዩልኝ። «ቆይ ላጣራ» የሚል ባለሙያ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

ማክሰኞ ተመለሱ። ቢጫ ኦሊያንደር ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። ሁለመናው መርዝ ነው፤ ፍሬው ይብሳል። ልብን ነው የሚያውከው አሉኝ። እንዴት እንደሆነም አስረዱኝ፤ እኔ ግን «ልብ» ካሉ በኋላ የሰማሁት የለም።

ልጄ እዚያው በረንዳ ላይ ቅልብልቦሽ ትጫወት ነበራ! በዚያው ዛፍ የደረቀ ፍሬ።

ልጮህ ስል በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙኝ። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው፣ ይበተንብሻል። በኔ ጠጠር እንለዋወጥ» አሏት። ከግቢው አምስት ድቡልቡል ጠጠር መርጠው፣ በሸሚዛቸው ጠርገው ሰጧት። ፍሬዎቹን ቆጠሩ። «አምስት። ሌላስ?» ከኪሷ ሁለት አወጣች። «አፍሽ ገብቶ ያውቃል?» «አንዴ። መረረኝና ተፋሁት።» «መቼ?» «ድሮ» አለች፣ የሰባት ዓመቷ አሮጊት! ጋሼ ስቀው ወደ ቧንቧው ወሰዷትና እጇን በሳሙና አሳጠቧት። እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር።

አባቴን አስቤ «ይቆረጥ» ለማለት አቃተኝ። ገባቸው። «የሚድህ ልጅ ቢኖርሽ ንቀይው ነበር የምልሽ» አሉ። ጓንት አጥልቀው የታችኛውን ቅርንጫፍ አነሱት፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠሩልኝ። የወደቀ ፍሬ በየጠዋቱ ይለቀማል። የተቆረጠው አይቃጠልም፣ ጭሱም ጉዳት አለው፤ ቢደርቅም ለከብት አይሰጥም፤ በጥልቁ ይቀበራል። ወተቱ ዓይን እንዳይነካ። እንጨቱ ለመፋቂያም ለማማሰያም እንዳይታሰብ። ሰው ቢውጠው ደግሞ ወተት ላጠጣ፣ ምን ላድርግ ሳይባል ቅጠሉን ይዞ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

የእሁዱን የባጃጅ እንኳ አልቀበልም አሉ። የከፈልኩት የሽቦውንና የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ! ሰዎች፣ እባካችሁ ችግኝ ከመትከላችሁም ከመቁረጣችሁም በፊት እሳቸውን ጠይቁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቀን ቀን እጃቸው አፈር ስለሆነ አያነሱም፤ ማታ ደውሉላቸው።