ቤዝ ጊታራችንን ሄድለስ (ጭንቅላት አልባ) ላደረጉልን የደብረ ማርቆስ ባለሙያዎች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደብረ ማርቆስ ያሉ ሁለት ባለሙያዎችን በአደባባይ ማመስገን ግድ ይለናል። አንደኛው ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩት አናጺው ጋሼያችን ናቸው፤ ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ያለው ወንድማችን ነው። ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታራችንን ጭንቅላቱን አስወግደው፣ መቃኛውን ወደ ጭራው (ወደ ሰውነቱ መጨረሻ) አዙረው፣ በሥርዓቱ ተቃኝቶ እንዲቆም አድርገው አስረክበውናል። ጎጃም ውስጥ ቤዝ የሚይዝ ሁሉ ለዚህ ሥራ የግድ ዓባይን መሻገር እንደሌለበት ይወቅ።

ነገሩን ለማያውቅ፦ መደበኛ ቤዝ ላይ ያሉት 4 መቃኛዎች እያንዳንዳቸው ወደ 100 ግራም ይመዝናሉ፤ የተቀመጡትም አንገቱ ጫፍ ላይ ነው። በማንገቻ ሲንጠለጠል አንገቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ተጫዋቹም ኖታ መያዝ ያለበት ግራ እጁ እንጨት ሲደግፍ ያመሻል። አሜሪካዊው ኔድ ስታይንበርገር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስተዋወቃቸው ቤዞች መቃኛውን ጭራው ላይ በማድረግ ለዚህ ችግር መላ አግኝተውለታል። ሄድለስ ሲሆን ጠቅላላ ክብደቱ ብዙ አይቀንስም፤ ጭራው ላይ የሚገባው አዲስ ብረትም ይመዝናልና። የሚለወጠው ክብደቱ ያለበት ቦታ ነው። ርዝመቱ ደግሞ ከ118 ሴንቲ ሜትር ወደ 100 ገደማ ይወርዳል፤ ከደጀን ቁልቁል በሚኒባስ ለሚጓዝ ሙዚቀኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጋሼን ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ለሥራ ቅደም ተከተላቸው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ በመጋዝ ይጀምረዋል። እሳቸው መጋዝ ያነሡት መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ የጭራውን ብሪጅ (ክሮቹ ሰውነቱ ላይ የሚያርፉበትን ብረት) እና መቃኛ ገጠሙ፤ ክሮቹን ግን በላይኛው ጫፍ በነባሮቹ መቃኛዎች አስይዘው ወጠሩ። ጊታሩ በዚያ ሁኔታ ተቃኝቶ፣ ክሮቹ በአንገቱ ላይ ቀጥ ብለው መሄዳቸው ታይቶ፣ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ድምፁ ተፈትሾ ካለፈ በኋላ ነው ጭንቅላቱ የተነካው። እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ቢበላሽ ጊታሩ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር።

ልኩ እንዲህ ነው። ከናት (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፉበት ድጋፍ) እስከ 12ኛው ፍሬት 432 ሚሊ ሜትር፤ እጥፉ 864፣ ማለትም 34 ኢንች። ክሩ የሚያርፍበት ሳድል ግን ልክ 864 ላይ አይቀመጥም። ቀጭኑ የጂ ክር 1 ወይም 2 ሚሊ፣ ወፍራሙ የኢ ክር ደግሞ 5 ሚሊ ገደማ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ስለዚህ ብሪጁ ሲገጠም ሳድሎቹ ወደ ፊት ተጠግተው ቢለካ ነው የሚሻለው፤ መሐል ላይ አድርጎ የገጠመ ሰው ለኢ ክር መሄጃ ያጣል። በክርና በክር መካከል ብሪጁ ላይ 19 ሚሊ ነው የተያዘው። የድሮው ብሪጅ ቀዳዳዎች በወይራ ውታፍ ተደፍነው፣ ኮላው 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ አዲሶቹ ተበሱ። ከጭራው በኩል ደግሞ ጣት ገብቶ መቃኛውን እንዲያዞር እንጨቱ ተቦርቡሯል። ይህ ቦታ ከጠበበ መድረክ ላይ መቃኘት ስቃይ ይሆናል።

ጭንቅላቱ ከናቱ ጀርባ 35 ሚሊ ተርፎለት ነው የተቆረጠው። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ አንገቱ በክሮቹ ጉተታ እንዳይጎብጥ በውስጡ የሚያልፈው ብረት፣ ትረስ ሮዱ ነው። አንዳንድ ጊታር ላይ ማስተካከያው ጭንቅላቱ በኩል ነው፤ ሌላው ላይ ማስተካከያው ከሰውነቱ በኩል ሆኖ ጫፉ ከናቱ ጀርባ ተቀብሯል። ይህ ሳይታወቅ የቆረጠ ሰው አንገቱን ይገድለዋል፤ ጋሼም ጫፉን በማግኔት ፈልገው ካገኙት በኋላ ነው መስመር ያሰመሩት። ቀለሙ እንዳይላጥ በፕላስተር ጠቅልለው፣ በጥሩ ጥርስ መጋዝ ቆርጠው፣ የተከፈተውን ጫፍ ወዲያው 3 ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ እርጥበት ይጠጣል፤ የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ይህን አይዘልም።

ክሩን ከላይ የሚይዘውን የነሐስ መቆንጠጫ የሠራው የቶርኖ ቤቱ ወንድማችን ነው። ስፋቱ 42 ሚሊ፤ 4 ባለ 3 ሚሊ ቀዳዳዎች አሉት፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ክር 2.7 ሚሊ ይጠጋል። ክሮቹ ተወጥረው ሁሉም በአንድ ላይ ወደ 80 ኪሎ ስለሚስቡ መቆንጠጫው አንገቱ ላይ በ2 ጠንካራ ብሎኖች ታስሯል። ከፍታው ከናቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ክሩ ናቱን ስለማይጫነው ይንቀጫቀጫል። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠመረም፤ ክሩን የሚጨምቀው ብሎን ጫፍ የኢ ክርን ጠምዛዛ ሽቦ በላው። በነጋታው ከብሎኑ ሥር ትንሽ የነሐስ ጠፍጣፋ አስገብቶ አስተካከለው። ለዚህ ተጨማሪ አልጠየቀም።

ሌላው ያጋጠመው እምም የሚል ጩኸት ነው። ብሪጁ ለየክሩ የተለያየ 4 ቁራጭ ከሆነ የመሬት ሽቦው 4ቱንም መንካት አለበት። የእኛ ሽቦ ቢነካም አሉሚኒየሙ የተቀባ ስለነበር ኤሌክትሪክ አላስተላለፈም። ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ማስተላለፉን በቴስተር ሲያረጋግጡ ጩኸቱ ጠፋ።

ክር ስትቀይሩ መቃኛውን ሙሉ በሙሉ በማላላት ጀምሩ። ከዚያ ክሩን ከላይ በፒንሳ ስባችሁ ወጥሩት፣ መቆንጠጫውን በብሩጎላ እሰሩ፣ ትርፉን ቁረጡ። አስቀድሞ የተቆረጠ ክር ጥምዝማዛው ይፈታል። ሳይወጠር የታሰረ ደግሞ ገና ድምፁ ሳይደርስ መቃኛው መጨረሻው ላይ ይደርሳል። መቃኛው በ5 ሚሊ ብሎን ስለሚሠራ አንድ ሙሉ ዙር ክሩን የሚስበው 0.8 ሚሊ ብቻ ነው፤ ትዝታ ላይ ረጅም ዝቅተኛ ኖታ ለሚይዝ ሰው ይህ ልከኝነት ውድ ነገር ነው።

ድምፁስ? ብዙ ቤዝ ላይ ጂ ክር ከ5ኛ እስከ 7ኛ ፍሬት ቶሎ የሚሞት ኖታ አለ፤ ጭንቅላቱ ሲነሣ ይህ ቦታ ይዛወራል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም። የእኛው ወደ ላይ ሸሽቷል፤ በጨዋታ ላይ አይታወቅም። ውድ የሆነ ወይም የቆየ ጊታር ግን አታስቆርጡ፤ ተመልሶ አይቀጠልም።

ወደ ጋሼ ስትሄዱ ጊታሩን ክሩ ተወጥሮ እንዳለ ውሰዱት፤ አንገቱ እንዴት እንደታጠፈ ማየት ይፈልጋሉና። አዲስ ክርም ያዙ። ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ይነጋገራሉ፤ እኛ ላይ ከተነጋገርነው አልጨመሩም። የሁለቱንም ስልክ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እንሰጣለን። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን።