የታሸገ የጦስኝ ሻይ፦ ቅጠሉና መለያው

ባለፈው ወር ከሰፈራችን ሱፐርማርኬት 50 ግራም የታሸገ የደረቀ ጦስኝ ገዛሁ። የአምራቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም፤ የምጽፈው ስለ ዕቃው ነው። ለማነጻጸር ያህል በዚያው ሳምንት ከሾላ ገበያ በስፍር የሚሸጠውንም ገዝቼ፣ ሁለቱን ለሦስት ሳምንታት እያፈራረቅን ቤታችን ውስጥ ጠጣናቸው። የኬሚስትሪ መምህር በመሆኔ፣ ስለ ጦስኝ የተጻፉ ጥናቶችን ከዕቃው ጎን አስቀምጬ ለማየት ሞክሬአለሁ።

ከቅጠሉ ልጀምር፤ ምስጋናም የሚገባው ለእርሱ ነው። እሽጉ ሲከፈት የሚወጣው መዓዛ ጠንካራና ንጹሕ ሲሆን፣ ቅጠሉም ሳይደቅ እንዳለ የደረቀ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጦስኝ ሽታ የሚመጣው በቅጠሉ ገጽ ላይ ከተበተኑ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ስለሆነ፣ ቅጠሉ አስቀድሞ ከተፈጨ ከረጢቶቹ ይፈነዱና ዘይቱ ጠጪው ዘንድ ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል። በበሶብላ፣ በዳማከሴ፣ በጥብስ ቅጠልና እንስራ በምናጥንበት ጥንጁት ላይም የምናየው ይኸው ነው፤ ሁሉም ጦስኝ የሚገኝበት፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት የናና ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቤተሰቡን ምልክት ለማየት የፈለገ ሰው ከእነዚህ የአንዱን ለጋ ግንድ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቢያሽከረክረው፣ ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን መሆኑ ይሰማዋል።

ከሾላ የገዛሁት ዋጋው ከታሸገው በግማሽ ያህል ቢያንስም፣ አበጥሬ ስመዝነው እኩሌታው እንጨትና ሥር ሆኖ አገኘሁት። ገንዘቡ ብዙም አላሳዘነኝም፤ ያሳዘነኝ ሥሩ ነው። በአገራችን የሚበቅለው የዱር ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ዓለም የማይገኝ ተክል በመሆኑ፣ ከነሥሩ የተነቀለ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ዳግመኛ የማያቆጠቁጥ ሀብት ነው። በታሸገው ውስጥ ግን አንድም ሥር አላገኘሁም፤ አጫጆቹ በማጭድ ወይም በመቀስ ጫፍ ጫፉን እንደቆረጡት ያስታውቃል። ለዚህ ብቻ እንኳ ተጨማሪውን ዋጋ መክፈል ይገባል እላለሁ።

ስለ አፈላሉ በእሽጉ ላይ የተጻፈው መመሪያ ጎዶሎ ነው። «በፈላ ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ» ይላል እንጂ መክደንን አያነሳም። አንዱን ኩባያ ከድኜ፣ ሌላውን ከፍቼ ብሞክር፣ ክፍቱ ቤቱን በመዓዛ ሲሞላ የተከደነው ግን መዓዛውን በሻዩ ውስጥ ጠብቆ ቆየ። የጦስኝ ዘይት ዋነኛ ክፍሎች ቲሞልና ካርቫክሮል ናቸው፤ ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ያላቸውና በአደራደር ብቻ የሚለያዩ ውሁዶች ሲሆኑ፣ ከውኃ እንፋሎት ጋር በቀላሉ አብረው ይወጣሉ። ዘይቱ ከቅጠሉ በእንፋሎት የሚጣራውም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ወደ መለያው ስመጣ ቅሬታዬ ይጀምራል። መለያው «ንጹሕ የኢትዮጵያ ጦስኝ» ከማለት በቀር የትኛው ጦስኝ እንደሆነ፣ ከየት እንደተለቀመና መቼ እንደደረቀ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ (የሁለቱ አገሮች ዕፅዋት መዝገብ) አምስተኛ ቅጽ የናና ቤተሰብን የያዘ ሲሆን፣ በአገራችን በዚህ ስም የሚጠሩት የዱር ተክሎች ሁለት ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስማቸውም ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ ይባላል። የቲሞልና የካርቫክሮል መጠንም እንደ ዝርያውና እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል። እንግዲህ ገዢው አንዱን ጥናት አንብቦ ቢመጣ እንኳ፣ ጥናቱ በእጁ ስላለው ቅጠል ይሁን ስለ ሌላኛው ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህ የከፋው በመለያው ጀርባ በደማቅ ቀለም የሰፈረው «የደም ግፊትን፣ ስኳርንና የኩላሊት ሕመምን ይፈውሳል፤ በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው ጽሑፍ ነው። በጦስኝ ላይ ጥናት አልተደረገም አልልም፤ ተደርጓል፣ ተስፋ ሰጪም ነው። ነገር ግን ምን እንደተጠና መለየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ባክቴሪያንና ሻጋታን እንደሚገታ ያሳዩት ሙከራዎች የተሠሩት ተጣርቶ በወጣው ዘይት፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ቲሞል ደግሞ በውኃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ስለሚሟሟ፣ የሻይ ኩባያ ከዚያ ዘይት ጋር የሚስተካከል አይደለም። ለሻይ የሚቀርበው በውኃ የተዘጋጀው ጭማቂ ሲሆን፣ የአገራችን ተመራማሪዎች የታይመስ ሴሩላተስን የውኃ ጭማቂ ጊኒ ፒግ ከተባለች ትንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳ በተወሰደ ዋና ደም ቅዳ ላይ ሞክረው፣ የተኮማተረውን የደም ሥር እንደሚያላላ አይተዋል። ግሩም ግኝት ነው። ሆኖም ከአካል ተለይቶ በብርጭቆ ውስጥ በተንጠለጠለ የደም ሥርና በሰው ሕመም መካከል መጠኑን፣ ደኅንነቱንና ከመድኃኒት ጋር ያለውን መስተጋብር በሰዎች ላይ የሚመረምር ረጅም መንገድ አለ፤ «ይፈውሳል» የሚለው ቃል ያንን መንገድ ሁሉ ዘልሎ የተጻፈ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የቃሉን ጉልበት በቤቴ ስላየሁት ነው። ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት እናቴ መለያውን አንብበው ክኒናቸውን ለአራት ቀናት ትተው ነበር። ባወቅን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ስናስለካቸው ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ጦስኙን አልከለከለቻቸውም፤ ክኒኑን እንዳያቋርጡ፣ ሻዩንም በቀን ከአንድ ስኒ እንዳያበዙና በየቀጠሮው ምን እንደሚጠጡ እንዲነግሯት ብቻ አዘዘቻቸው።

ቅጠሉን ትናንት በድጋሚ ገዝቻለሁ፤ በጣዕምም በአዘገጃጀትም ከቀመስኳቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ወደ ቤት እንደገባሁም ብርሃን በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ገለበጥኩትና በላዩ ላይ «ጦስኝ፣ ለሻይ» ብዬ ጽፌ፣ ከረጢቱን ከነመለያው እናቴ ሳያዩት ጣልኩት።