«ሰክተው ሥራ ይጀምሩ» የሚባለው የቨርቹዋላይዜሽን ጥቅል፦ ሳትከፍሉ አንብቡ

ለመሥሪያ ቤታችሁ ትንሽ የቨርቹዋላይዜሽን ላብ (በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ የሚሄድበት መሞከሪያ) ለማቋቋም ዋጋ እያጠያየቃችሁ ከሆነ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም፦ «24 ሲፒዩ፣ 144 ጊጋ ራም፣ 12 ቴራ ዲስክ፣ ቪኤምዌር ከነዕድሜ ልክ ላይሰንሱ፣ አሥር ዊንዶውስ ሰርቨር ተጭኖ ያለቀለት። ሰክተው ሥራ ይጀምሩ!» ዋጋው ከአንድ ደህና ላፕቶፕ ብዙም አይርቅም። ያማልላል።

ይህን ጥቅል የገዙ ሰዎች «ና እስቲ እየው» እያሉ ሲጠሩኝ ከፍቼ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ነገም ስሙን ለውጦ ይመጣል። የሚገርመው፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው አኃዝ ሁሉ እውነት ነው። ሰው የሚሸወደውም በዚሁ ነው፤ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲያረጋግጥ ልክ ሆኖ ያገኘዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«24 ሲፒዩ» የሚለውን እንይ። ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ዴል ፓወርኤጅ አር710 ወይም እኩያው ኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል380 ጂ7 ነው። ውስጡ ሁለት ኢንቴል ዚዮን ኤክስ5650 ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ 6 ኮር አለው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 12። ሃይፐር ትሬዲንግ ሲበራ ሲስተሙ አንዱን ኮር ሁለት አድርጎ ስለሚያሳይ 24 ይሆናል። የወጣበት ዓመት ግን 2010 ነው፤ ይህንን ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም።

እርጅናው ብቻውን ነውር አልነበረም። አሮጌ ሰርቨር ላይ ተምረው ትልቅ ደረጃ የደረሱ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ድርጅት ላብ የሚያቋቁመው ነገ ወደ ሥራ የሚያስገባውን ሲስተም ዛሬ ለመሞከር ነው፤ ይህ ሳጥን ደግሞ የነገውን አይቀበልም። ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው የቪኤምዌር ሶፍትዌር፣ ኢኤስኤክስአይ 7.0፣ በ2020 ሲወጣ ዌስትሚር የሚባለውን ይህንኑ የፕሮሰሰር ትውልድ ከሚደገፉት ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ሻጩ የሚጭንላችሁ 6.7ን ወይም ከእሱ የቀደመውን ነው። የ6.7 ድጋፍ ያበቃው በኦክቶበር 2022 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ነው የምትረከቡት። ወደ ሊኑክስ ብትዞሩም ያው ነው፦ በሜይ 2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ የማያውቅ ፕሮሰሰር ላይ አይነሳም። ከኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ይህን የያዙት ከሃስዌል ትውልድ ወዲህ ያሉት፣ በተለምዶ «ኢ5 ቪ3» የምንላቸውና ተከታዮቻቸው ናቸው። «ከአር710 የተሻለ» ተብሎ የሚቀርበው አር720ም በቪ1 ወይም በቪ2 ፕሮሰሰር ስለሚመጣ ይህን ፈተና አያልፍም። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጫንም አያድንም፤ ከታች ያለው ፕሮሰሰር የሌለውን ለላይኛው አያበድርም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ፣ ወደ «ዕድሜ ልክ ላይሰንስ»።

ቪኤምዌር በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚያዝ ቋሚ ላይሰንስ ይሸጥ ነበር፤ ያ እውነት ነው። ብሮድኮም ኩባንያውን በኖቬምበር 2023 ጠቅልሎ ገዛው፤ በዲሴምበር የቋሚ ላይሰንስ ሽያጭ ቀረና ሁሉም በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2024 ነፃው ኢኤስኤክስአይም ተቋረጠ፣ በኤፕሪል 2025 ከ8.0 ማሻሻያ 3ኢ ጋር ተመልሶ መጣ። ታዲያ ዛሬ አንድ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ «የዕድሜ ልክ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ቁልፍ ከየት የመጣ ነው?

እኔ ያየኋቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የ60 ቀን መሞከሪያ ነው። ስትረከቡት ሁሉም ነገር ይሠራል፣ የከፍተኛው ደረጃ አገልግሎት ሁሉ ክፍት ነው፣ ሻጩም ያንን እያሳየ ያስጎመጃል። ቀኑ ሲያልቅ የበራው ቨርቹዋል ማሽን መሥራቱን ይቀጥላል፤ አንዴ ከጠፋ ግን መልሳችሁ ማስነሳት አትችሉም። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ደህና ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የሌላ ድርጅት ቁልፍ ነው። ያው አንድ ቁልፍ በሁለት ገዢዎች ማሽን ላይ ገብቶ አይቻለሁ። ላይሰንስ በስም የሚሰጥ መብት ስለሆነ ቁልፉ ተቀባይነት ማግኘቱ ብቻ የእናንተ አያደርገውም። ቤቱ ለራሱ የሚማር ሰው ይህን ችላ ሊለው ይፈልግ ይሆናል፤ ኦዲት የሚደረግ፣ ውል የሚፈርም፣ ደንበኛ ያለው ድርጅት ግን አይችልም።

አንዳንድ ሻጭ ሲጠየቅ «እንግዲያው ነፃውን እጭንላችኋለሁ» ይላል። ነፃው ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ቪሴንተር በሚባለው የቪኤምዌር ማዕከላዊ ማስተዳደሪያ አይተዳደርም፣ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ከ8 ቨርቹዋል ሲፒዩ በላይ አይሰጥም፣ የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚገቡበት በርም ዝግ ነው። ደግሞስ 8.0 በዚያ ፕሮሰሰር ላይ እንደማይደገፍ አትርሱ። ነፃው ተመልሶ ቢመጣም ለዚህ ሳጥን አልመጣም።

አሥሩ «ተጭኖ ያለቀለት» ዊንዶውስ ሰርቨርም የ180 ቀን መሞከሪያ ሆኖ ነው የሚገኘው። ጊዜው ሲያበቃ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ካላችሁ የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ላይሰንስ የሚሰላው በማሽኑ ኮሮች ነው፤ ኮሮቹ ከ16 ቢያንሱም 16 ተብሎ ይከፈላል፣ የሚፈቅደውም ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ነው። አሥር ለማስኬድ ያንኑ ክፍያ አምስት ጊዜ መደርደር ወይም ዳታሴንተር የሚባለውን መግዛት ነው። ይህን አስሉና ከሳጥኑ ዋጋ ጋር አስተያዩት። (ለሙከራ ብቻ ከሆነ 180 ቀኑን ራሳችሁ ከማይክሮሶፍት በነፃ ማውረድ ትችላላችሁ። ለእሱ ሻጭ አያስፈልግም።)

ዲስኩ ላይ ደግሞ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነገር አለ። «12 ቴራ» ስድስት ባለ 2 ቴራ ዲስክ ነው። በሬድ 10፣ ማለትም አንዱ ዲስክ የሌላውን ቅጂ እንዲይዝ፣ ሲደራጁ የሚቀራችሁ 6 ነው፤ እሱስ የታወቀ ስሌት ነው። የባሰው ዲስኮቹ ከየት እንደተነቀሉ ነው። ከትላልቅ የስቶሬጅ ሳጥኖች የወጡ የሳስ ዲስኮች (ለሰርቨር የሚሠሩ ዓይነት) ብዙ ጊዜ ሴክተራቸው፣ ማለትም ዳታ የሚጻፍበት ቁራጭ፣ 512 ሳይሆን 520 ባይት ሆኖ የተፎረመተ ነው። ከሻጩ ላይ ለብቻው «ትርፍ» ብላችሁ የወሰዳችሁት ዲስክ ሲሰካ ሲስተሙ ያየዋል፣ ግን አይጠቀምበትም። እንደገና በ512 መፎርመት ይቻላል፤ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደ አዲስ ነው።

የሠሩበትን ሰዓት ሳታዩ ዲስክ አትቀበሉ። በኖቬምበር 2019 ኤችፒኢ ራሱ ያሳወቀው ነገር አለ፦ አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲዎቹ በፈርምዌር (በዲስኩ ውስጥ ባለው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ስህተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው ይሞታሉ፣ ዳታውም አይመለስም። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ማለት ነው። በአንድ ቀን የተሰኩ ዲስኮች ሰዓታቸው እኩል ስለሆነ አብረው ይወድቃሉ፤ ሬድ እዚህ ጋ ምንም አያደርግላችሁም። በማርች 2020 ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ 40,000 ሰዓት ሲሞላ የሚደርስ ተመሳሳይ ስህተት ተገለጸ። ማስተካከያው አዲስ ፈርምዌር ነበር፤ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት ጭኖት እንደሆነ ካላያችሁ አታውቁም። ሰዓቱም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል። በጃንዋሪ 2025 ጀርመን ውስጥ ያገለገሉ የሲጌት ኤክሶስ ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ የተገኙት፣ ስማርት የሚባለው መዝገብ ዜሮ ተደርጎ ሳለ ፋርም የሚባለው የሲጌት የውስጥ መዝገብ እውነቱን ስለያዘ ነው። የሲጌት ዲስክ ከሆነ ሁለቱንም መዝገብ አስተያዩ።

ዲስኮቹን የሚያደራጀው የሬድ ካርድ ባትሪም ሞቶ ነው የሚመጣው። ባትሪው ሲሞት ካርዱ መሸጎጫውን ለጽሕፈት መጠቀም ያቆማል፤ ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ይሆናል፣ እናንተም «ፕሮሰሰሩ ነው» ብላችሁ ትደክማላችሁ።

ስለ ጩኸቱ ብዙ አልልም፤ ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ጋር አይስማማም፣ በቃ። ስለ ኤሌክትሪኩ ግን አስሉ። እንዲህ ያለው ሳጥን ያለ ብዙ ሥራ 200 ዋት ቢስብ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲበራ 1,752 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙትና በዋጋው ላይ ደምሩት። ማቀዝቀዣ ካላችሁ የእሱም ድርሻ አለ።

ታዲያ በትንሽ ገንዘብ ምን ይሻላል? የማይክሮሶፍት ውሳኔ ሳያስበው አንድ ጥሩ ነገር አድርጎልናል። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 2025 ድጋፉ ሲያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር ማሽኖችን ከጥቂቶች በቀር አልቀበልም ስላለ፣ ብዙ ቢሮ እነዚህን ትናንሽ ኮምፒውተሮች እያወጣ ነው። ለዊንዶውስ 11 አረጁ የተባሉት እነዚህ ማሽኖች ኤቪኤክስ2 አላቸው፤ ያ ግዙፍ ሰርቨር እምቢ ያለውን ሬድ ሃት 10 እነሱ ያስነሱታል። ባለ አራት ኮር አይ5 ሦስት ብትገዙ 12 እውነተኛ ኮር ነው፣ ልክ እንደዚያ ሳጥን፤ እያንዳንዱ ኮር ግን በጣም ይፈጥናል። ለእያንዳንዱ 32 ጊጋ ራም ስጡት፣ ፕሮክስሞክስ ጫኑበት። ፕሮክስሞክስ እንደ ኢኤስኤክስአይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ክላስተሩም (ማሽኖቹን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራቱም)፣ ማሽን ሳይጠፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወሩም፣ ባክአፑም ያለ ክፍያ ይሠራል። ስትገቡ «የድጋፍ ምዝገባ የላችሁም» የሚል መልእክት ያሳያችኋል፤ እሱን እያያችሁ ማለፍ ነው። ሦስት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ ክላስተሩ የሚቆመው በአብላጫ ድምፅ ስለሆነ ሁለት ብቻ ሆነው አንዱ ሲወድቅ የቀረው ውሳኔ መስጠት ያቅተዋል።

ጉድለትም አላቸው። ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም የላቸውም፣ የኔትወርክ መሰኪያቸው አንድ ነው፣ ቪፕሮ የሚል ሞዴል ካልሆነ ከርቀት ማብራት ማጥፋቱም ያስቸግራል። ብዙ ራም የግድ የሚያስፈልገው ሥራ ካላችሁ ያገለገለ ሰርቨር ግዙ፣ ችግር የለውም፤ ግን ዲዲአር4 ራም ያለውና ፕሮሰሰሩ ቢያንስ ኢ5 ቪ3 የሆነ ይሁን። ሻጩን ደግሞ «ላይሰንሱንና ዲስኩን አውጣና ባዶውን ስንት ትሸጥልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዋጋው ቶሎ ከወረደ ላይሰንሱ ምን እንደነበር ገብቷችኋል። የራሳችሁን ሊኑክስ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከእሱ አስነሱና የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን መጠን፣ የዲስኩን ሰዓት በዓይናችሁ እዩ። «የጫንኩት ይበላሻል፣ በፍላሽ አይነሳም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ፦ ሻጩ የጫነውን ሁሉ አጥፍታችሁ ከዋናው ምንጭ ባወረዳችሁት እንደገና ጫኑ፤ ማን ምን አካውንት ትቶበት እንደሄደ አታውቁም። የሚረሳው ግን ዴሎቹ ላይ አይድራክ፣ ኤችፒዎቹ ላይ አይሎ የሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ዋናውን ዲስክ ስትፎርምቱ አይነካም፣ ሰርቨሩ ጠፍቶም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ይሠራል፤ የአሮጌ ዴሎች የፋብሪካ የይለፍ ቃልም ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ነው። ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሳችሁት አዲስ የይለፍ ቃል እስክታወጡለት ድረስ የእሱን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉት።