በመስኮት አየር ስቦ ኮምፒውተር ያቀዘቅዛል የሚባለውን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

በአዳማ የምትኖሩና ኮምፒውተራችሁ እየጋለ የምትቸገሩ ወገኖቼ፣ የውጭውን አየር በቱቦ ስቦ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ማቀዝቀዣ ልትገዙ አስባችሁ ከሆነ፣ የደረሰብኝን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለፈው ኅዳር ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒውተር ሥራ መካከል እየጠፋ ሲያስቸግረኝ፣ አንድ የጥገና ሱቅ ይህንኑ ዕቃ በ6,500 ብር ገጠመልኝ። ሻጩ ካናዳና ፊንላንድ ውስጥ ሰዎች በበረዶው ወራት እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገረኝ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እዚያ ብርዱ ቀንና ሌሊት ከዜሮ በታች ሆኖ ሊሰነብት ይችላል፤ የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል።

በመጀመሪያው ሌሊት የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል) ሙቀት ከ88 ወደ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ደስ አለኝ፤ በማግስቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግን 91 ደረሰ። በፋን የሚቀዘቅዝ ዕቃ ከሚነፍስበት አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ የቱቦው አፍ ደግሞ በፀሐይ ከጋለ የቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ስለነበር፣ የሚስበው አየር ከክፍሉ አየር ይልቅ ትኩስ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አቧራው ነው። ከከተማችን ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያው ነፋስ በበጋ የሚያመጣውን አቧራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቱቦው ማጣሪያ አልነበረውም። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሳጥኑን ስከፍተው፣ ሙቀት በሚያስወጡት የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል የተጋገረው አቧራ በጣቴ ስነካው እንደ ጨርቅ ቁራጭ ተላጦ ወጣ።

የአንድ ዓመት ዋስትና የተባለልኝ በቃል ብቻ ነበር። ስመለስ አቧራን እንደማይሸፍን ተነገረኝ፤ የተሰጠኝ ወረቀትም ማኅተም የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን ደረሰኝ ባለመጠየቄ ማስረጃ አጣሁ።

በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ አቧራውን አጽድቶ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) በ800 ብር ቀየረልኝ። ዛሬ ያለ ቱቦው፣ በእኩለ ቀን ከ74 ዲግሪ አያልፍም። የመጀመሪያውም ችግር ይኸው የደረቀ ፔስት ነበር።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሻጩ ሙቀቱን ማታ ሳይሆን በእኩለ ቀን ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የገጠማችሁ ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ ቱቦውን ነቅላችሁ የመስኮቱን ቀዳዳ ድፈኑ።