ነርሰሪ በጨዋታ ወይስ በሰብጀክት?

ነርሰሪ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት አይነት ካሪኩለም ነው የሚገጥማችሁ፣ አንዱ በጨዋታ የሚሄደው ሌላው ደግሞ ገና ከ3 አመት ጀምሮ ሂሳብ ቋንቋ ሳይንስ ብሎ በፔሬድ የሚከፋፍለው። የጨዋታው አላማ ፊደል ማስቆጠር ሳይሆን ልጁ ተራ መጠበቅ፣ ስሜቱን መናገር፣ መቀስ መያዝ እንዲችል ነው፤ ብሎክ ሲደረድር እኮ ቁጥርም ቅርጽም እየተማረ ነው፣ ደብተር ላይ ስለማይታይ ግን ወላጅ "ምንም አልተማረም" ይላል ሃሃ። የሰብጀክቱ ጥቅም ውጤቱ ቶሎ ይታያል፣ ግን ጣቱ ሳይጠነክር ገጽ ሙሉ ኮፒ አድርግ ማለት ትምህርቱን ያስጠላዋል። ፊንላንድ መደበኛ ትምህርት የሚጀመረው በ7 አመት ነው። ለኔ እስከ 6 አመት ጨዋታው ያሸንፋል፣ ፕራይመሪ ላይ ግን ማንበብና ሂሳብ የራሳቸው ሰአት ይፈልጋሉ፣ እዛም በጨዋታ ብቻ የሚሉት አያሳምኑኝም።